ማቲውስ ይበልጣል

ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሉቃስ፣

የጌታ ሰላም ለአንተ፣ ለመስታወትና ለልጃችሁ ለፀደንያ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ብርድ ልብሴም ወፍራም ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት ጊዜ ስለጠየቅኸኝ ነው። በምንጻጻፍበት አሥር ዓመት ውስጥ ስለ ብርድ ልብሴ ጠይቀኸኝ አታውቅም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ሳስበው ሳስበው ልክ አንተ ነህ፤ በአሜሪካ ከተወለዱት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ሁሉ ማቲውስ ይበልጣል» ብለህ ጽፈሃል። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩት። አንተ ነህ ይህን ያልከው? በሌላው ተጫዋች በኬን ምክንያት የጉባኤያችንን የቫይበር ግሩፕ ለሁለት የከፈልክ ሰው! መጋቢያችን «ወንድሞች፣ ስለ ሆኪ የምትሉት ካላችሁ በወረቀት ተባባሉ» ብለው ሁለታችንንም ያስወጡን በማን ጩኸት ነው? ከዚያ ወዲህ በወረቀት ተባብለናል፤ እኔ ማቲውስ ስል አንተ ኬን ስትል ፀጉራችን ሸበተ። አንድ ጊዜ እንኳ «እስቲ ላስብበት» ብለህ አታውቅም። አሁን በአንድ መስመር እጅህን ሰጠህ፤ ከዚያ ስለ ብርድ ልብሴ ጠየቅኸኝ።

ጥርጣሬዬን በግልጽ ልንገርህ። በ2010 ዓ.ም. የጉልበት ኦፕሬሽን ስትጠብቅ አባትህ አረፉ። ሽማግሌዎቹ «ኦፕሬሽኑ ይለፍና ይረዳ» አሉ፣ እኔም ተስማማሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ «ኬን ይበልጣል፣ ተሸንፌያለሁ» እያልኩ ጻፍኩልህ። አባቱ ሞቶበት ካልሰማ ሰው ጋር መከራከር አቅቶኝ ነበር። መርዶውን ከሰማህ በኋላ ያልከኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ግዛው፣ አምስት ሳምንት ሰረቅኸኝ» አልከኝ። ያን ዕለት ወጥ ቤትህ ውስጥ ቆመን ቃል ተገባባን። እኔ ከአንተ፣ አንተ ከእኔ፣ ከእንግዲህ መርዶ ላንደብቅ።

እንግዲህ ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ፤ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ታኅሣሥ 3 የትራም ሹፌርነት የመጨረሻ ፈተና አለብኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ቢሮና ስታዲየም ጠርጌ በአርባ ስድስት ዓመቴ ያገኘሁት ዕድል ነው። ፈተናው እስኪያልፍ ጠብቁ ተብላችሁ እንደሆነ ከወዲሁ ልወቀው።

ማን ሞተ?

ወንድምህ ግዛው


ጄኔቭ፣ ፓኪ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለግዛው፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። ሆቴሉ በስብሰባ እንግዶች ተጨናንቆ እኔ ያለሁበት የአንሶላ ክፍል ፋታ የለውም። ስልክ ያልደወልኩትም ጉሮሮዬን ስላመመኝ ነው፤ ድምፄ አይወጣም።

ምን ዓይነት ነገር ትጠይቀኛለህ? ማንም አልሞተም። ሰው ሐሳቡን መለወጥ አይችልም? ይህን ነገር ያመጣችው ፀደንያ ናት። ኮምፒውተሯን ይዛ መጥታ «ፓፓ፣ ማቲውስ በአንድ ሲዞን ስድሳ ዘጠኝ ጎል! ቶንቶን ግዛው ትክክል ነው፣ ሴ ፊኒ!» አለችኝ፤ አጎቴ ልክ ነው፣ ክርክሩ አለቀ ማለቷ ነው። ስድሳ ዘጠኝ ጎል ላይ ምን ይባላል? በዚያ ላይ «በአሜሪካ የተወለደ» የሚለውን ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ። ብሬት ሃልን ካናዳ ነው የተወለደው ብለህ አስወጣኸው። ይህን ሳስረዳት ልጄ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እኔስ እዚህ ተወልጄ የስዊስ ፓስፖርት የለኝም፣ ታዲያ በየት አገር ነው የምቆጠረው?» እንግዲህ ከእንዲህ ዓይነት ክርክር ደክሞኝ መውጣቴ ያስገርማል?

ስለ እማማ ሕብስትም አትጨነቅ። አሰላ እህታቸው ዘንድ ሄደው ነው፤ እዚያ ኔትወርክ ስለሌለ ነው ስልካቸው የማይሠራው። አንተ ፈተናህን ብቻ አስብ። ያ ዋሻ ውስጥ ትራሙ በግራ ሐዲድ የሚሄድበት ቦታ ግራ ያጋባኛል ብለኸኝ ነበር፤ እሱን ተለማመድ። ሌላውን ለጌታ ተወው።

መስታወት ሰላም ብላሃለች። ምሳ አትዝለል።

ወንድምህ ሉቃስ


ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሉቃስ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።

እኔ «ማን ሞተ» አልኩ እንጂ የእናቴን ስም አላነሳሁም። አንተ ነህ ሳትጠየቅ እናቴን ያመጣኸው። ደግሞስ አሰላ መሄዷን ማን ነገረህ? እህቴ በቀለች ለእኔ የነገረችኝ ትናንት ነው። ያንተ ደብዳቤ የተጻፈው ከአራት ቀን በፊት ነው። ልጇ ሳይሰማ አንተ ጄኔቭ ላይ ተቀምጠህ ሰማህ? ደግሞ አሰላ ኔትወርክ የላትም ማለት ምን ማለት ነው? ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ እኮ ነው! ውሸት ከሆነ እንኳ ካርታ አይታችሁ ዋሹኝ።

እናቴን ካነጋገርኳት ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። መጀመሪያ በቀለች «ተኝታለች» አለችኝ። ቀጥላ «ቤተ ክርስቲያን ናት» አለች፣ ከዚያ «ስልኩ ወድቆ ተሰበረ»፣ አሁን ደግሞ አሰላ። የአንተ ሚስት በበኩሏ በደወልኩ ቁጥር «ሉቃስ ሻወር ውስጥ ነው» ትለኛለች። ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሻወር ውስጥ ነበርክ። ጉሮሮው የታመመ ሰው ይህን ያህል ይታጠባል?

ሌላም አለ። ከሽሊረን ጉባኤ ሲፈንና ባሏ ፍቅሬ ሳልጠራቸው ወጥ ይዘው መጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን እንመጣለን» ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሲፈን «ስልክህ ቀርፋፋ ሆኗል፣ ላስተካክልልህ» ብላ ወሰደችው። ከሄዱ በኋላ ባየው ፌስቡኩ የለም፤ አጥፍታዋለች። የከተማዬ የናዝሬት ልጆች የሟች ፎቶ የሚለጥፉት የት እንደሆነ የማላውቅ ይመስላታል? መልሼ ለማስገባት ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ። እሑድ ዕለት ወዳጄ የሚባለው ወንጌላዊ ትከሻዬን ይዞ «ፈተናህ መቼ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ሻይ ላይ ደግሞ ጠየቀኝ። ልወጣ ስል በር ላይ ደግሞ ጠየቀኝ። ፈተናው የእኔ ነው ወይስ የእሱ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ በሩ ላይ ኮቴ እሰማለሁ። ሰዎች ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ የሰው በር ሲያንኳኩ ምን ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ እኔም ስንቱን ቤት ከሽማግሌዎች ጋር ሄጃለሁ። ስለዚህ የቤቴን በር ደወል ሳጥን ከፍቼ ካልሲ ጎሰጎስኩበት። አሁን ቢደወልም አይሰማም። ጎረቤቴ አሮጊቷ ስዊሳዊት አይታኝ ለቤት ማኅበሩ አመልክታብኛለች።

አንድ ዕድል ልስጥህ። ማንም ካልሞተ እንደ ድሮው ስደበኝ። ኬን ይበልጣል በለኝ፤ ምክንያትህን ደርድር፤ ደንቆሮ፣ ግትር በለኝ። አንተ እናቱ የሞተችበትን ሰው መስደብ አትችልም። ከሰደብከኝ አምንሃለሁ፣ ተረጋግቼም እፈተናለሁ።

ግዛው


ጄኔቭ፣ ፓኪ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለግዛው ግትሩ፣

ስድብ አማረህ? እንግዲያውስ እንካ!

አንተ ስለ ሆኪ የምታውቀው ወንበር ሥር የወደቀ ፈንዲሻ መጥረግ ነው። ዓይንህን በረዶ ሞልቶት ካልሆነ በቀር ኬንን አይቶ ሌላ ስም የሚጠራ ሰው ጤነኛ አይደለም። ረሳኸው? ቢል ከተማ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሳለን፣ በ2005፣ የአሜሪካው ሊግ በክፍያ ጠብ ተዘግቶ ኬን እዚያች ትንሽ ከተማ ሊጫወት መጣ። ያቺ ጀርመንኛ የምታስተምረን ሴትዮ ሁለት ትኬት ሰጠችን፤ አንተ ለሙቀቱ ስትል መጣህ፣ እኔ ዓይኔን ይዤ መጣሁ። ያቺን ጥቁር ጎማ ዱላው ጫፍ ላይ አጣብቆ በአምስት ሰው መካከል ሲያልፍ ግማሹ ስታዲየም ጎማዋ የት እንዳለች አያውቅም ነበር። በረኛውም አላወቀም። መረቡ ሲነቃነቅ ነው ያየነው።

ሰውየው ሦስት ጊዜ የስታንሊ ዋንጫ አንሥቷል። ከድሮዎቹ ሞዳኖ አለ፣ ሊች አለ፣ ቼሊዮስ አለ፤ ሁሉንም አከብራለሁ፤ ግን ኬን ከመጣ በኋላ ወንበራቸውን ለቀዋል። አንተ ግን ጢም እንኳ ያላበቀለ፣ አሜሪካ ምድር ላይ አንድ የሊግ ጨዋታ ያልተጫወተ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ዙሪክ ላይ አይተህ «ይበልጣል» ትለኛለህ። ከማን? እስቲ መጀመሪያ አገሩ ገብቶ ይሞከር። ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያው መጥረጊያህን ይዘህ ዝም በል!

ይኸው ተሰደብክ። ደስ አለህ? አሁን ካልሲህን ከደወሉ ውስጥ አውጣና ሥራህን ሥራ።

ሉቃስ


ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሉቃስ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ከደስታዬ ብዛት ተንበርክኬ ጸለይኩ። በማግሥቱ ልምምድ ላይ ትራሙን ዋሻው ውስጥ በግራ ሐዲድ አስገብቼ እንደ ቅቤ አወጣሁት፤ አሠልጣኜ «ዛሬ ምን በላህ?» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እናቴ አሰላ ነበረች። ኔትወርክ በሌለባት አሰላ እህቷ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትታየኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እነዚያ ሁለት ቀኖች ጥሩ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ጢሙ ትዝ አለኝ።

«ጢም ያላበቀለ» ነው ያልከኝ? ማቲውስ እኮ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጢሙንማ ሆኪ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል። «አሜሪካ አንድ ጨዋታ ያልተጫወተ» አልክ፤ በቀደመው ደብዳቤህ ስድሳ ዘጠኝ ጎሉን ስትቆጥርልኝ አልነበረም? ደብዳቤዎችህን የማኖርበትን የጫማ ካርቶን አወረድኩ። አገኘሁት። ሚያዝያ 2008። ከ«ዓይንህን በረዶ ሞልቶት» ጀምሮ እስከ «ዝም በል» ድረስ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ያው ነው። የምትጽፍልኝን ሁሉ በደብተር እንደምታስቀር አውቃለሁ፤ ከዚያ ገልብጠህ ላክህልኝ።

ሉቃስ፣ አዲስ ስድብ አጣህ። አንተ! እኔን ለመስደብ ቃል አጥተህ የማታውቅ ሰው ቁጭ ብለህ የአሥር ዓመት ስድብ ገለበጥክልኝ። ተቆጣሁ፤ ከዚያ ደግሞ አዘንኩልህ። ምክንያቱም እኔም በ2010 እንደዚያ ነበርኩ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩም። ማቲውስን የወደድኩት በጎሉ አይደለም። በ2008 ስታዲየሙን ስጠርግ ከጨዋታ በኋላ አንድ የጽዳት ባልደረባዬ «ይሄ ልጅ እኮ ብቻውን አይደለም የመጣው፣ እናቱ አብራው ዙሪክ ትኖራለች» አለኝ። መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። የሰው አገር መጥቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ማታ እናቱ ያለችበት ቤት የሚገባ ሰው! ከዚያ በኋላ አንተ ስለ ዋንጫ ስትጽፍልኝ እኔ የማስበው ስለዚያ ቤት ነበር። እናቴን አንድ ጊዜ ለማምጣት ማመልከቻ ያስገባሁት በዚያ ዓመት ነው። ምን መልስ እንዳገኘሁ ታውቃለህ።

ስለዚህ አሁን አትጫወትብኝ። የምጠይቅህ ሁለት ነገር ነው። ማለዳ ሰው ሰብስበህ አትምጣብኝ፤ ሃያ ሰው እያየኝ መሬት ላይ መውደቅ አልፈልግም። ደግሞ «ሞተች» የሚለውን ቃል በአንተ እጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም፤ አትጻፈው። እናቴ በሕይወት ካለች አንዲት አዲስ ስድብ ላክልኝ፣ አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ከሌለች ግን «ማቲውስ ይበልጣል» ብለህ ብቻ ጻፍ። ይገባኛል።

ፈተናው ይቆይ። ቃል ገብተህልኛል።

ግዛው


ባቡር ውስጥ
ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ለወንድሜ ለግዛው፣

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አላስገባውም። ከጄኔቭ በበርን በኩል መምጣት ይቀለኝ ነበር፤ እኔ ግን በቢል የሚያልፈውን ባቡር መረጥኩ። አሁን ሐይቁ በመስኮቱ በኩል ይታየኛል፣ ትንሽ ቆይተን ከተማው እንገባለን። ዛሬ አልዋሽህም።

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። አንዲት አዲስ ስድብ ፈለግሁልህ፤ እውነት እልሃለሁ፣ ሦስት ቀን ፈለግሁ። «ሂድና አንተ» ብዬ እጀምርና ይቆማል። መስታወት አይታኝ «ሉቃስ፣ በቃህ፣ ሂድ» አለችኝ።

የሆነውን በግልጽ እነግርሃለሁ። በቀለች መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው። በዚያው ምሽት መጋቢያችን፣ ፍቅሬ፣ ወንጌላዊው ወዳጄና እኔ በስልክ ተሰባሰብን። «ታኅሣሥ 3 ፈተናው ያልቃል፣ ታኅሣሥ 4 ማለዳ እንሄዳለን፣ ሉቃስ ፊት ይቅደም» ተባለ። እኔም እሺ አልኩ፤ ቃሌን እያወቅሁ እሺ አልኩ። ማንንም አልወቅስም። ሲፈን ስልክህን የነካችው እኔ ስለነገርኳት ነው። አሰላንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በቀለች «ምን ልበለው?» ብላ ስታለቅስ ቶሎ የመጣልኝ ከተማ እሱ ነበር።

ትናንት ለመጋቢያችን ደውዬ «ከዚህ በላይ አልጠብቅም» አልኳቸው። «ልቡ ተሰብሮ ትራም ይዞ ቢወጣስ?» አሉኝ። ምናልባት ፈተናህን አበላሽቼብህ ይሆናል። ግን አንተ አምስት ሳምንት የሰረቅኸኝ ጊዜ ያጣሁት ምን እንደነበር አውቃለሁ። እነዚያን ሳምንታት አባቴ በሕይወት አለ ብዬ እየሳቅሁ፣ እየበላሁ፣ ስለ ኬን እየፎከርኩ ነው ያሳለፍኳቸው፤ በኋላ ያን ሳቄን ባስታወስኩ ቁጥር አፈርኩ። ያንተን ሠላሳ ሦስት ቀን ሰርቄያለሁ። ሠላሳ አራተኛውን አልፈልግም። ይቅር በለኝ።

ቢል ደረስን። ሰው እየወረደ ነው። ያን የጨዋታ ቀን ታስታውሰዋለህ? ከስታዲየሙ ስንወጣ ለእማማ ሕብስት ደውለህ «በረዶ ላይ ዱላ ይዘው የሚጋፉ ሰዎች አየን» ብትላቸው፣ «ልጆቼ፣ ከዚያ ቦታ ቶሎ ውጡ፣ እናንተንም ይመቷችኋል!» አሉን። «ልጄ» አላሉም፤ «ልጆቼ» ነው ያሉት። እኔን ከዚያ በፊት በስልክ እንኳ አያውቁኝም ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔም እናት ነበረችኝ፤ ይህንንም አንተ ሳታውቅ ሠላሳ ሦስት ቀን ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። ሆቴሉ አንሶላ ክፍል ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም አይሰማም።

መቼ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንዳሉ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ። ይህችን ወረቀት በበርህ ሥር አስገባታለሁ። ደወልህን ስለደፈንከው አልደውልም፣ አላንኳኳምም። ማንንም አላመጣሁም፣ ማለዳም አይደለም። ውጭ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤትህ አሮጊቷ ብታመለክትብኝም አልነሳም። ስትችል ክፈት፤ እስከ ነገም ቢሆን እጠብቃለሁ።

ያዘዝከኝን እነሆ ጻፍኩ።

ማቲውስ ይበልጣል።

ሉቃስ